ስኳሬ ወረደ ያልኩ ቀን

በእኛ ቤት «ጸሎትሽን አደረስሽ?» ማለት «መርፌሽን ተወጋሽ?» ማለት ነበር። ቃሉን ያወጣችው እናቴ ናት።

ስኳር እንዳለብኝ የታወቀው አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ውኃ ብጠጣ ብጠጣ አልረካ አልኩ፤ የትምህርት ቤት ቀሚሴ ከወገቤ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ፤ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተዝለፍልፌ ወደቅኩና አዲስ አበባ ወስደው ሆስፒታል አስተኙኝ። ተሽሎኝ ወደ ሰበታ ስንመለስ እናቴ ሚኒባሱ ውስጥ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ «ይሄ ነገር ከአጥራችን አይወጣም፤ ሰምተሻል?» አለችኝ። በሰፈራችን ስኳር የትልልቅ ሰዎች በሽታ ነው። ሴት ልጅ፣ ያውም ገና ያላገባች፣ በየቀኑ ሆዷን መርፌ ትወጋለች ከተባለ ሰው ከንፈሩን እየመጠጠ «ማን ያገባታል? ወልዳስ ታሳድጋለች ወይ?» ይላል። እናቴ ከበሽታው እኩል የምትፈራው ይህንን ነው።

ስለዚህ ሳሎን እንግዳ ተቀምጦ ሳለ ከጓዳ ብቅ ትልና፣ «ጸሎትሽን አደረስሽ?» ትለኛለች። እኔም አንገቴን ደፍቼ ወደ መኝታ ቤት እገባለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ሆዴን ገልጬ ተወግቼ እመለሳለሁ። መድኃኒቱ የሚቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ፣ በቅቤ ዕቃ ነው። እንግዶቹ በእኔ መንፈሳዊነት ይደነቃሉ። «ወይ መታደል! በዚህ ዕድሜዋ ከጸሎቷ ንቅንቅ አትልም እኮ!» እያሉ ለገዛ ልጆቻቸው ምሳሌ ያደርጉኛል። ልጆቻቸው እንዴት እንደሚጠሉኝ ልነግራችሁ አልችልም። እኔ እንደሆነ ጸሎተኛ ቀርቶ፣ ሳልቆጣ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ቁጡ ነኝ። የእናቴ ልጅ ነኛ!

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፋርማሲ ደረሰኝ። በበሽታዬ ምክንያት መረጥኩት ብል ጥሩ ወሬ ይወጣው ነበር፤ ግን ውጤቴ ነው እዚያ የጣለኝ። ዶርም ውስጥ ምስጢሬን የምታውቅ አንዲት የሱሉልታ ልጅ ብቻ ነበረች። ስኳሬ ዝቅ ሲል ከእኔ ቀድማ ታውቃለች፤ ያለ ምክንያት ስቆጣ ዓይኔን አየት ታደርግና ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ አፌ ውስጥ ትከታለች። «በምክንያት ስቆጣስ በምን ትለይኛለሽ?» ስላት፣ «ያን ጊዜ ላብ አያልብሽም» ትለኛለች።

አራተኛ ዓመት ስንጨርስ ክረምቱ ላይ አንድ የክፍላችን ልጅ፣ የቡራዩ ልጅ፣ ሐሳብ ይዞ መጣ። እሱ፣ እኔና የሱሉልታዋ ጓደኛዬ ሦስታችንም ከአዲስ አበባ ዙሪያ ነን፤ ለምን በየከተማችን እየዞርን ስለ ስኳር በሽታ አናስተምርም አለ። ይሄ ልጅ ቁመቱ ዘንካታ፣ አፉ ደግሞ ከቁመቱ የሚበልጥ ነው። አጎቱ ሠርግ ላይ ሙዚቃ የሚያጫውት ስለነበር ድምፅ ማጉያ ተውሶ አመጣ። ጓደኛዬ ወዲያው እሺ አለች። እኔ ግን አመነታሁ። ቡራዩ ይሁን፣ ሱሉልታም ይሁን፤ ሰበታ ግን የእናቴ ቤተ ክርስቲያን፣ የእናቴ እድር፣ የእናቴ ገበያ ነው። እምቢ ብል ደግሞ «ለምን?» ይመጣል። እሺ አልኩ።

ቡራዩ ላይ አልሆነልንም። የታክሲ ተራው አጠገብ ቆመን ስለ ቆሽት ብናስረዳ፣ ስለ ኩላሊት ብናስረዳ፣ ሰዉ ዓይኑ ሚኒባሱ ላይ ነው። በመጨረሻ የቡራዩው ልጅ ተናደደና ማይኩን አፉ ላይ ደቅኖ፣ «ስኳር ላለበት ሰው ስኳር መርዝ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ደገመው። በኦሮምኛም አለው። ወደ ታክሲ አንድ እግሩን ያስገባው ሰውዬ ሳይቀር እግሩን መልሶ አወጣ። ልጁ በደስታ ሊሞት! ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር መናገር ተወ።

«ሲወርድስ?» አልኩት ማታ ስንመለስ። «ሲወርድ እኮ የሚያድነው ስኳር ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ሰዉ መጨመሩን እንኳ አላወቀም፣ መውረዱን ጨምረሽ ልታደናግሪው ነው? አንድ ቀን፣ አንድ መልእክት።»

ብከራከረው ደስ ይለኝ ነበር። ግን አብዝቼ ብገፋ «አንቺን ምን አንገበገበሽ?» ይለኛል ብዬ ፈራሁና ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ጓደኛዬ ገርሟት አየችኝ።

ሱሉልታ ዝናብ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ወተት ለማስረከብ ከመጡት ሴቶች አንዷ ነጠላዋን በላስቲክ ሸፍና እጇን አወጣችና፣ «ልጅም ይይዛል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ጓደኛዬ «አዎ፣ ልጅም ይይዛል፤ መርፌውን በሰዓቱ ከወሰደ ግን እንደ ማንም ሰው ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ወልዶ ይኖራል» አለቻት። ይህን ስትል ወደ እኔ ላለማየት አንገቷ እስኪገተር ነበር የታገለችው። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር። ሴትዮዋ «እህ» አለች፤ ቤቷ አንድ የታመመ ልጅ እንዳለ ልቤ ነገረኝ፤ ሄጄ ላናግራት ተነሳሁ፣ እግሬ ግን አልሄደልኝም።

ቀጥሎ ሰበታ ሆነ። ጓደኛዬ ግን እኅቷ ምጥ ይዟት ቀረች። ጠዋት ደውላ፣ «ከረሜላሽን ይዘሻል? በይ ኪስሽ ውስጥ ክተቺው፣ ቦርሳ ውስጥ እንዳታደርጊው» አለችኝ። እሺ እሺ ብዬ ቦርሳ ውስጥ ጨመርኩት። ቀሚሴ ኪስ አልነበረውም።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። ፍልሰታ የልጅ የአዋቂ ጾም ነው፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ እስከ ቅዳሴ መውጫ ይቆያሉ። የነፍስ አባታችን ነገሬን ስለሚያውቁ እንድበላ ፈቅደውልኛል፤ በልቼ ግን የምወጣው ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ነው። በዚያን ጠዋት እናቴ ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ ሽሮ ፍርፍሬን ከድናልኛለች። መርፌዬን ተወጋሁ። ሳህኑን ልከፍት እጄን ስዘረጋ ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ከጥሩምባው ኋላ የበሩ መንኳኳት፣ ከመንኳኳቱ ኋላ ደግሞ እትዬ።

እትዬ ጎረቤታችን ናቸው፤ ገበያው ዳር ሻይ የሚሸጡ፣ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ። የእድሩን ድንኳን እንድንጠቀም ያስፈቀዱልን እሳቸው ናቸው። የቡራዩውን ልጅ መንገድ ላይ አግኝተው አሳፍሯቸው መጥተዋል። ሳሎን ገብተው እንደ ልማዳቸው ዙሪያውን ቃኙ።

«ጸሎትሽን አደረስሽ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እትዬ» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ በእኛ ቤት ቋንቋ አድርሻለሁ።

«እንግዲያው እንሂዳ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ምን ልበል? ፍርፍሬ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እትዬ ከፊቴ ቆመዋል፤ ከቅዳሴ በፊት የምትበላ ጸሎተኛ የለችም። ዳቦ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ወሸቅሁና፣ እዚያ ደርሼ ጥግ ፈልጌ እበላዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ኢንሱሊን ከተወጉ በኋላ ሳይበሉ መቆየት ምን እንደሚያመጣ ለፈተና የጻፍኩት ሰው ነኝ። ቢሆንም ሰው ፊት የማፈር ነገር ከዕውቀት ይቀድማል፤ በእኔም ላይ ቀደመ።

ገበያው እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መሬቱን አቡክቶታል። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ የቡራዩው ልጅ ወንበር ስላነሰ ባጃጁን መልሶ ላከው፤ ባጃጁም ከእነ ቦርሳዬ ሄደ። መሄዱን ያወቅሁት ዳቦዬን ላወጣ ስዞር ነው።

«ቦርሳዬ!»

«ምን ችኮላ አለው፣ አሁን ይመጣል» አለኝ ልጁ። «ማን ቦርሳሽን ይበላዋል?»

ልጁ ጀመረ። መርዝ ነው! መርዝ ነው! ሰዉ እንደ ሠርገኛ ከበበን። ከተጂ ከተማ ጤፍ ይዘው የመጡ አንድ ኦቦ ከጆንያቸው ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ። እትዬ በላስቲክ ከተወጠረው ሻይ ቤታቸው ሆነው፣ «እሰይ! ንገራቸው! እኔስ ለማን ብዬ ነው ሦስት ማንኪያ የምጨምርላቸው!» ይላሉ። እኔ የማየው መንገዱን ነው። ባጃጁ የለም። ጣቶቼ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ እጄን ከነጠላዬ ሥር ከተትኩት።

አንድ ሰው መጥቶ ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል አለ። ልጁ ማይኩን አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው፤ «እስክመጣ ያዢልኝ፤ ገፍተን እናወጣዋለን።»

«አትሂድ» አልኩት።

«ለምን?»

ለምን። ከኋላው እትዬ፣ ከእትዬ ኋላ የእናቴ እድርተኞች፣ ሁሉም ያዩኛል። ምክንያቱን ላንሾካሹክለት ፈልጌ አፌ አልታዘዘኝም፤ ያወጣሁት ሌላ ነው። «አንተ ጩኸታም! አንተ ራስህ መርዝ!» አልኩት፤ ያውም በማይኩ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ፊቱ ቀላ። «ዛሬ ደግሞ ተነሣባት» ብሎ ጭቃውን እየረገጠ ሄደ። ጠባዬ ነው ብሎ ተወኝ። ማን ይፍረድበት? ጠባዬም እንዲሁ ነው።

ብቻዬን ቀረሁ። ላቤ ከጀርባዬ ይንቆረቆራል፤ ክረምት ነው፣ ሰዉ በጋቢ ነው፣ እኔ በላብ ተጠምቄያለሁ። ከንፈሬ የእኔ አልመስል አለኝ። ሰዉ ንግግሬን ይጠብቃል። «ስኳር…» አልኩ። ቀጣዩ ቃል የለም። «ስኳር…» አልኩ ደግሜ። ኦቦ «እሺ፣ ስኳር?» ብለው ሊረዱኝ ሞከሩ። የገበያው ጫጫታ እየራቀ ሄደ፤ ሰዎቹ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ የእትዬ የስኳር ጣሳ።

ሄድኩ። ማይኩን ሻይ ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ጣሳውን በሁለት እጄ ያዝኩት። እትዬ ከላይ ሆነው ክዳኑን ተጫኑት።

«እንዴ! እንዴ! ምን ነካሽ፣ ልጄ? በፍልሰታ?»

«ስኳር ስጪኝ!»

በዕድሜዬ እትዬን አንቺ ብያቸው አላውቅም። ዓይናቸው ፈጠጠ። «ዛር ነው እንዴ? ማርያም ድረሺ!»

ያን ጊዜ፣ ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ጥርሴን ነክሼ የያዝኩትን ቃል ለመናገር ቆረጥኩ። ይህን ያህል ዓመት የፈራሁትን ከተናገርኩ እድናለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ዋጋ አለ? «እትዬ» አልኩ፣ «ስኳር አለብኝ።»

«ምን? ምን አልሽ?»

«ስኳር አለብኝ። ስኳር ስጡኝ።»

እትዬ ጣሳውን ከእጄ መንጭቀው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «እንግዲያማ ሞቼ ነው የምሰጥሽ! መርዝ ነው ስትሉን አልነበረም? በገዛ እጄ ልግደልሽ? እናትሽ ምን ትለኛለች!»

እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? የሚያድነኝ ቃል ወጣ፤ የወጣውም ጣሳውን ሊዘጋብኝ ነው። አልቅሼ ለማስረዳት ሞከርኩ። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ብጥስጣሽ ዕውቀት ቀርቶ ነበር፤ እሱን ይዤ፣ «ወርዷል…» አልኩ። «ስኳሬ ወርዷል።»

እትዬ ፊታቸው በራ። «ወረደ? ተመስገን! ወረደልሽ? እሰይ የእኔ ልጅ!» ዘወር ብለው ለሴቶቹ፣ «ወርዶላታል! ጸሎቷ ነው ያወረደላት! ጠዋት እንኳ አድርሳ ነው የመጣችው!»

አንዷ እልል አለች። ኦቦ ከጆንያቸው ላይ ብድግ ብለው፣ «ቡኤ? ባዬ ጋሪዳ!» አሉ፤ ወረደ? በጣም ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። እጃቸውን ዘርግተው ሊጨብጡኝም መጡ። በሰበታ ገበያ፣ በቀን፣ በዚያ ሁሉ ወዳጅ መካከል፣ እየተመረቅሁ ልሞት ነው። ጉልበቴ ከዳኝና ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። «እፎይ በይ፣ ደክሟት ነው፣ ጾሙ ነው» ይላሉ ከላዬ። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እናቴን ጠራኋት፤ ድምፅ ይውጣልኝ አይውጣልኝ አላውቅም።

እናቴ በዚህ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ተመልሳለች። ገብታ ጠረጴዛውን ታያለች፤ ፍርፍሬ እንደተከደነ ነው። ፍሪጁን ትከፍታለች፤ የቅቤ ዕቃው ክዳን ገርበብ ብሏል፤ የተወጋሁበት ስሪንጅ መጣያው ውስጥ ነው። ተወግታ ሳትበላ ወጥታለች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ኋላ ነው። ጫማዋን ሳትቀይር፣ በሩን ሳትዘጋ፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ እንደ ገመድ ጠምጥማ በጭቃው ሮጠች። ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ እንኳ ስትወጣ ሦስቴ የምታርፍ ሴት ናት።

የሰዉ ክበብ ተሰነጠቀና እናቴ ገባች። አንዴ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሻይ ጠረጴዛው ተወረወረች።

«ስኳር ስጡኝ!»

ድምፅዋ ከአራቱም ማዕዘን መጣ። እኔ ጠረጴዛው ላይ የጣልኩት ማይክ እንደ በራ ነው።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ተይ!» አሉ እትዬ፣ ጣሳውን እንዳቀፉ። «ልጅሽ የምትለውን አልሰማሽም፤ ስኳር አለብኝ እኮ ነው የምትለው!»

እናቴ ለቅጽበት ቆመች። ይህች ቅጽበት አሁንም ትታየኛለች። ከአጥራችን አይወጣም ያለችው ነገር በእትዬ አፍ ተቀምጧል፤ «ዋሽታ ነው፣ ተሳስታ ነው» ብትል ገና ይመለሳል። ወደ እኔ ዞራ አየች፤ ከዚያ ሳንባዋ እስኪቀደድ ጮኸች።

«አዎ! ልጄ ስኳር አለባት! ለዚህ ነው ስኳር ስጡኝ የምለው!»

ሰበታ ገበያ በሙሉ ሰማ። አህያ የሚጭነው ሰማ፣ ሸቀጥ የሚያወርደው ሰማ፣ መንገድ ላይ ባጃጅ የሚገፋው ሰማ። እናቴ ጣሳውን ከእትዬ ጋር ተናንቃ ወሰደችው፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ከፈሰሰው አፍሳ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረች፣ ውኃ ደፋችበት፣ በጣቷ አማሰለችው። አገጬን ይዛ አፌ ላይ ስታስጠጋው በእጄ መትቼ ደፋሁት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ስኳር ሲወርድ ሰው የሚያድነውን ሰው ይመታል። ሌላ ብርጭቆ። «ዋጪ! ዋጪ እልሻለሁ! አንቺ ደረቅ! ዋጪ!» ዋጥኩ። ደግሞ ዋጥኩ። በጣቷ ድዴ ላይ ስኳር ስትቀባኝ ነከስኳት፤ እጇን አላነሳችም።

እኔ ስውጥ እሷ በማይኩ ትናገራለች፤ ማይክ መኖሩን ግን አላወቀችም። «ጸሎተኛ ትሏታላችሁ! ምን ጸሎት! መርፌ ነው! ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ መርፌ ነው! የምጸልየውስ እኔ ነኝ፤ ይቺ ሁለት ቃል ሳትሳደብ አትውል!»

አንዱ ሳቀ። ሌላው ሲያለቅስ ሰማሁ። መጀመሪያ የተመለሰልኝ ምላሴ ነው፤ ጣፈጠኝ። ከዚያ ጆሮዬ፤ የጭቃው ሽታ፤ ብርዱ። በመጨረሻ ኀፍረቴ ተመለሰ፤ ግን ያን ያህል አልከበደኝም። እናቴ ጭቃው ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋለች፤ ነጭ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጠቁሯል።

የቡራዩው ልጅ ቦርሳዬን ይዞ እየሮጠ ደረሰ። ከመንገዱ ሁሉንም ሰምቷል። ከንፈሩ ደርቋል። ማይኩን አንስቶ ሊያጠፋው ጣቱን ሲያሳርፍ እናቴ፣ «እንዳታጠፋው!» አለችው። «አንተ ነህ መርዝ ነው ብለህ ያስተማርካቸው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«በል ሲወርድስ ምን እንደሆነ ንገራቸው። አሁኑኑ! ያለዚያ ከዚህ አትንቀሳቀስም።»

ነገራቸው። ያ አፈኛ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ በአማርኛ፣ ከዚያ በኦሮምኛ። ስኳር ያለበት ሰው ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ያለ ወትሮው ከተቆጣ ወረደ ማለት ነው፤ ሲወርድ ደግሞ ደስታ የለም፤ መዋጥ የሚችል ከሆነ ቶሎ ስኳር በውኃ ስጡት፣ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳትሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ አሩጡት። ኦቦ «ቡኤ…» አሉ ለራሳቸው፣ አሁን ሳይስቁ። ከዚያ ልጁ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ።

«ልነግርህ ስል ሰደብኩህ» አልኩት። ሊስቅ ሞክሮ ፊቱን ወደ ድንኳኑ አዞረ።

እትዬ ባዶ ጣሳቸውን ታቅፈው ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ቀርተዋል። «ልገድላት ነበር፤ በገዛ እጄ» ይላሉ። እናቴ አላጽናናቻቸውም፤ አልተቆጣቻቸውምም። ዳቦዬን ከቦርሳዬ አውጥታ እየቆረሰች በፍልሰታ፣ በገበያ መካከል፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ አጎረሰችኝ።

ባጃጅ ውስጥ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች። ተቆጥታለች ብዬ ሳያት፣ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። «እማዬ፣ አሁን ሰው ሁሉ ሰማ» አልኳት። «ይስማ» አለች፤ ከዚያ ደግሞ፣ «ማን እንደሚያገባሽ እናያለን» ብላ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። ልቤን በላችው። ያፈረችብኝ መሰለኝ። የነከስኩት ጣቷ አብጦ ነበር።

አመሻሹ ላይ እትዬ መጡ። ቀጥ ብለው ሳሎን ገብተው ተቀመጡ፤ እናቴም ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። እኔ ጓዳ ሆኜ በመለኪያዬ ስኳሬን አየሁ፤ ደህና ነው፤ እራት ሊቀርብ ነው፤ የማታውን መወጋት አለብኝ። የቅቤ ዕቃውን ከፍሪጅ ሳወጣ እናቴ በክፍቱ በር አየችኝ።

«ጸሎ…» ብላ ጀመረች። አቆመች። እትዬን አየቻቸው፤ እሳቸውም አቀርቅረዋል።

«መርፌሽን ተወጋሽ?» አለችኝ፣ ጮክ ብላ።

«ገና ነኝ፣ እማዬ።»

ዕቃውን ይዤ እንደ ልማዴ ሳሎኑን አቋርጬ ወደ መኝታ ቤት አመራሁ። የበሩን እጀታ ስይዝ፣ «ወዴት ነው?» አለችኝ እናቴ።

ዞርኩ። አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ነጠላዋን አንስታ ቦታ ለቀቀችልኝ። «ነይ፣ እዚሁ ተቀመጪ» አለች።